«ፍሬው የእኔ ካልሆነ ለምን እደክማለሁ?»

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? በአገር ቤት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ቆይቼ ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ህንድ የመጣሁ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው በፑኔ ከተማ ነው። ቤት ያከራዩኝ እናት ጡረታ የወጡ መምህርት ሲሆኑ፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ባጋቫድ ጊታ የተባለውን የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ያነባሉ። ውይይቱ በእንግሊዝኛም ስለሚካሄድ እኔንም ጋበዙኝ። መጀመሪያ የሄድሁት እምቢ ማለቱ ነውር መስሎኝ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ሳምንቱን ሙሉ የምናፍቀው ሰዓት ሆነ።

በዚያ ሰሞን አማካሪ ፕሮፌሰሬ የጥናቴን ሦስተኛ ምዕራፍ ደጋግመው መልሰውብኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር። «ሥራህን የመሥራት መብት አለህ፤ በፍሬው ላይ ግን መብት የለህም» የሚለውን ቃል ስሰማ ግን ትልቅ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ለፕሮፌሰሩ አስተያየት መልስ ባልጽፍም እንደ ቀድሞው አልጨነቅም። ቀን ቀን ልቤ ያርፋል፤ ሌሊት ግን ያው ምዕራፍ እየመጣ ይቀሰቅሰኛል። ፍሬው የእኔ ካልሆነ ለምን እደክማለሁ የሚል ሐሳብም አብሮት ይመጣል።

እናቴ ጽኑ ኦርቶዶክሳዊት ናት፤ እኔም በዚያው እምነት አለሁ። ስለ ንባቡ በስልክ ሳጫውታት «ሃይማኖትሽን ልትለውጪ ነው?» ብላ አለቀሰች፤ ለንስሐ አባታችንም ነገረች። በልጅነቷ ሒሳብ ያስተማሯትን ህንዳዊ መምህር እስከ ዛሬ በፍቅር የምታነሳው ይህችው እናቴ ናት። ክርክሩን ስለፈራሁ አሁን አሁን ስትደውል ሁልጊዜ አላነሳም። ንባቡ ሲያበቃ ደግሞ ለአምላካቸው የቀረበ ጣፋጭ ይታደላል፤ ፕራሳድ ይሉታል። ብበላውም ባልበላውም እሳቀቃለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው ዘመዳሞች ሊዋጉ በተሰለፉበት ሜዳ ነው። ተዋጊው አርጁና «ወገኖቼን አልገድልም» ብሎ ቀስቱን ሲጥል አለቀስሁ፤ የአጎቴን ልጅ በአገራችን ጦርነት አጥቻለሁና። የተሰጠው መልስ ግን «ተነሥና ተዋጋ» ሆነብኝ። እንዲህ የሚል መጽሐፍ እንዴት ሰላም ይሰጠኛል? ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ስሜ ይቆይ፣ ከፑኔ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብሁት። በሰው አገር የጥናት ጭንቀት፣ የእናት እንባና የሟች ዘመድ ሐዘን በአንድነት ሲመጡብሽ በእሁድ ንባብ መጽናናትሽ ሊያሳፍርሽ አይገባም። ንባቡን ተዪው አልልሽም። ስለ አነባበብሽ ግን የምለው አለኝ፤ የምጀምረውም አንቺ በአጭሩ ካለፍሽው ነገር፣ ለፕሮፌሰሩ እስካሁን መልስ አለመጻፍሽን ከነገርሽኝ ሐረግ ነው።

ያጽናናሽ ቃል የሚገኘው በምዕራፍ 2 ቁጥር 47 ላይ ሲሆን አራት ክፍል አለው። ሥራን የመሥራት መብት እንዳለን ይነግረናል፤ በፍሬው ላይ መብት እንደሌለን ይቀጥላል፤ የፍሬ ጉጉት ለሥራችን መነሻ እንዳይሆን ያሳስባል፤ በመጨረሻም ሥራ ከመተው ጋር ልባችን እንዳይጣበቅ ይከለክላል። በደብዳቤሽ ውስጥ ያገኘሁት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቅሰውም እነርሱኑ ስለሆነ ጥፋቱን ባንቺ ላይ አላደርገውም፤ ነገር ግን ዛሬ ካለሽበት ሁኔታ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው አራተኛው ክፍል ይመስለኛል።

እስቲ ይህ ቃል ለማን እንደተነገረ አስቢ። ባጋቫድ ጊታ በ18 ምዕራፎች የተከፈሉ 700 ያህል ቁጥሮች ያሉት፣ ማሃባራታ በተባለው ታላቅ የሳንስክሪት የግጥም ታሪክ ስድስተኛ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ንግግር ነው። ቦታው ዛሬ ሃርያና በሚባለው የሰሜን ህንድ ክልል የሚገኘው የኩሩክሼትራ ሜዳ ነው። ቀስተኛው አርጁና፣ ሠረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና በሁለቱ ሠራዊት መካከል እንዲያቆመው ይጠይቀዋል፤ ከወዲያ በኩልም ያሳደገውን አያቱን ቢሽማን፣ ቀስት መወርወር ያስተማረውን ድሮናንና የአጎቱን ልጆች ያያል። ሰውነቱ ይዝላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ቀስቱ ከእጁ ይንሸራተታል፤ በመጨረሻም ሠረገላው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ምዕራፎች ሁሉ ሥራውን ትቶ ለተቀመጠ ለዚህ ሰው የተሰጡ መልሶች ናቸው። ፍሬውን ተወው መባሉም የሚነሣበትን ጉልበት እንዲያገኝ ነበር፤ አንቺ ግን ያንኑ ቃል ለመቀመጥ እንደ ፈቃድ የወሰድሽው ይመስለኛል።

ይህን ስልሽ እንደ ወቀሳ አትቁጠሪው። የተደጋገመ እምቢታ ያደከመው ሰው ዕረፍት የሚሰጠውን ቃል ሲያገኝ አጥብቆ ቢይዘው ተፈጥሯዊ ነው። ዕረፍቱ እውነተኛ እንደሆነና እንዳልሆነ ግን ሌሊትሽ እየነገረሽ ነው። የጊታ ምዕራፍ 3 ቁጥር 6፣ እጅና እግሩን ከሥራ ከልክሎ በልቡ ግን ያንኑ ነገር ሲያመላልስ የሚኖር ሰው ራሱን እያታለለ እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ደግሞ የሚገባህን ሥራ ሥራ፣ መሥራት ካለመሥራት ይበልጣል፣ ያለ ሥራ ገላህን እንኳ ማኖር አትችልም ይላል። ቃሉ ጠንከር ይላል፤ ቢሆንም ፍሬን ስለመተው የሚያስተምረው ያው መጽሐፍ የተናገረው ስለሆነ ከሚያጽናናሽ ቁጥር ጋር አብሮ መነበብ አለበት።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ የጥናትሽን ሦስተኛ ምዕራፍ ፋይል ከከፈትሽው ምን ያህል ጊዜ ሆነ? ስትከፍቺው መጀመሪያ የሚሰማሽ ምንድን ነው? ፕሮፌሰሩ የጻፉት አስተያየት ትክክል ይሆናል የሚል ፍርሃት ነው ወይስ ትክክል ሳይሆን እሺ ማለት አለብኝ የሚል ንዴት? ሁለቱ የሚፈልጉት መፍትሔ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ የጎደለሽ እውቀት ወይም መረጃ ይኖራል፤ እርሱን የሚያግዝሽ የሥራ ባልደረባ ወይም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ማግኘት ይቻላል። ሁለተኛው ከሆነ ግን የሚያስፈልግሽ ምክንያትሽን በአክብሮት ጽፈሽ መከራከር ነው፤ ለሦስተኛ ዲግሪ የደረሰ ተማሪ ይህን ማድረግ መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው።

የዚያን ቁጥር ፍልስፍና ከዕለት ኑሮሽ ጋር ለማገናኘት አንድ ቀላል ነገር ሞክሪ። ወረቀት ወስደሽ በአንድ ወገን በእጅሽ ያለውን ጻፊ፤ አስተያየቶቹን አንድ በአንድ ማንበብ፣ የትንተናውን ክፍል እንደገና መሥራት፣ ያልገባሽን መጠየቅ፣ ቀጠሮ መያዝ። በሌላው ወገን በእጅሽ የሌለውን ጻፊ፤ ፕሮፌሰሩ መውደድ አለመውደዳቸው፣ ፈታኞቹ የሚሰጡት ፍርድ፣ የምትመረቂበት ቀን፣ አገር ቤት ያሉ ባልደረቦችሽ የሚያስቡት። ጊታ ተዪው የሚልሽ ሁለተኛውን ወገን ነው። እስካሁን የተውሽው የመጀመሪያውን ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ሌሊት ሌሊት አልጋሽ ድረስ እየመጣ ይቀሰቅስሻል። ወደ ሥራው ስትመለሺ ጭንቀቱ ወዲያው ይጠፋል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። አርጁና ራሱ በምዕራፍ 6 ልብ እንደ ነፋስ ነው፣ እንዴት ይያዛል ብሎ ሲጠይቅ ክሪሽና ከባድ መሆኑን አልካደበትም፤ በመለማመድና በመተው ይያዛል አለው እንጂ። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 16 ላይ አብዝቶ የሚበላም ፈጽሞ የማይበላም፣ አብዝቶ የሚተኛም ራሱን እንቅልፍ የሚነሳም ሰው ይህ መንገድ እንደማይሆንለት ተነግሯል። እኔ ለዚህ ቁጥር ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ፤ ምክንያቱም ከከፍተኛ ፍልስፍና መካከል ወርዶ ስለ እራትና ስለ መኝታ ሰዓት ይናገራል። በጠዋት አንድ ሰዓት ለምዕራፉ ብትሰጪ፣ ማታ ደግሞ በተወሰነ ሰዓት ኮምፒውተሩን ብትዘጊ ከእሁዱ ንባብ ምንም ያህል አልራቅሽም።

ወደ እናትሽ ልምጣ። እናትሽ ያለቀሱት ስለ መጽሐፉ ይዘት የሚያውቁት ኖሮ አይመስለኝም። ልጃቸው ሩቅ ናት፤ በማያውቁት ቤት በማያውቁት ጸሎት መካከል ተቀምጣ ታያቸው። ስልካቸውን ሳታነሺ በቀረሽ ቁጥር ደግሞ ፍርሃታቸው እውነት የሆነ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ክርክር ባታነሺም ስልኩን አንሺ። ጊታ በምዕራፍ 17 ቁጥር 15 ስለ አነጋገር ሲናገር ሰውን የማያውክ፣ እውነት የሆነ፣ ደስ የሚያሰኝና የሚጠቅም ቃል መናገርን ከተጋድሎ ይቆጥረዋል። አራቱን አንድ ላይ ማድረግ እንዴት እንደሚከብድ ከእናቱ ጋር በስልክ የተከራከረ ሁሉ ያውቀዋል። ከሒሳብ መምህራቸው ብትጀምሪስ? «የእኔም አከራይ መምህርት ነበሩ፤ ስለ አንቺ መምህር አጫውቺኝ» በያቸው፤ ሳትቸኩዪም አድምጪያቸው። ከዚያ በኋላ ጾምሽን እንደምትጾሚ፣ ጸሎትሽን እንዳልተውሽ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምታነቢና ለምን እንደምታነቢ በግልጽ ንገሪያቸው። የንስሐ አባታችሁንም በእናትሽ በኩል ብቻ ከሚሰሙ አንቺው ደውለሽ ብታነጋግሪያቸው ይሻላል።

ለእናትሽ እፎይታ የሚሰጥ፣ ለአንቺም የሚጠቅም ሌላ ነገር አለ። የህንድ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ በተካሄደው የአኃት አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ተሳትፋለች። መሠረቷ በደቡብ ህንድ በኬረላ ቢሆንም በፑኔም አጥቢያዎች አሏት። ቅዳሴ የምትሄጂ ከሆነ ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ የማትሄጂ ከሆነም ፈልገሽ ሂጂ። የዚህች ቤተ ክርስቲያን የዴልሂ ሜትሮፖሊታን የነበሩት ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ በወጣትነታቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ያስተማሩ፣ አማርኛ የተማሩ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘንድም ያገለገሉ ሰው ናቸው። ኋላም ስለ ህንድ ፍልስፍና በሰፊው ሲያስቡና ሲጽፉ ኖረው ጳጳስ እንደሆኑ አረፉ። እናትሽ ይህን ቢሰሙ ልባቸው ይረጋ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ይህን ስል ጊታ ከእምነት ነጻ የሆነ የጥበብ መጽሐፍ ነው ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም። በተለይ ከምዕራፍ 7 ጀምሮ ክሪሽና የሚናገረው እንደ አምላክ ሆኖ ነው፤ ፍቅርንና አምልኮንም ይጠይቃል። በምዕራፍ 9 ቁጥር 26 ቅጠልም፣ አበባም፣ ፍሬም፣ ውኃም ቢሆን በፍቅር የቀረበለትን እንደሚቀበል ይናገራል፤ ለአምላክ ማዕድ አቅርቦ ከእርሱ መካፈልም ለአስተናጋጆችሽ ከዚህ ፍቅር የማይለይ ነው። ማጥናትና ማምለክ የተለያዩ ናቸው፤ ድንበሩን የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ። ሕሊናሽ ፕራሳዱን ካልፈቀደ አስቀድመሽ ለአከራይሽ ብቻቸውን «በእኛ ሥርዓት ይህ ለእኔ አይፈቀድም፤ አክብሮቴን ግን አይጠራጠሩ» ብትያቸው ይበቃል። በየጨረቃው አሥራ አንደኛ ቀን በሚጾም ሕዝብ መካከል ስለምትኖሪ፣ ስለ እምነት ብሎ አንድ ነገር አለመብላት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያቅትሽም።

አሁን ከሁሉ ወደ ከበደሽ ጥያቄ። ሐዘንሽን ለማቅለል ብዬ ጦርነቱ ምሳሌ ብቻ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። በታሪኩ ውስጥ ጦርነቱ እውነተኛ ጦርነት ነው፤ አርጁናም በመጨረሻ ይዋጋል። ጥያቄውን ግን አንቺ ብቻ አይደለሽም የጠየቅሽው፤ ህንዳውያን ራሳቸው ሲከራከሩበት ኖረዋል። በፑኔ ይኖሩ የነበሩት የነጻነት ታጋይ ባል ጋንጋዳር ቲላክ፣ እንግሊዞች በርማ ውስጥ በማንዳላይ እስር ቤት ባሰሯቸው ጊዜ ጽፈውት እ.ኤ.አ. በ1915 በታተመው ማብራሪያቸው መጽሐፉን የተግባር ጥሪ አድርገው አነበቡት። ጋንዲ እንዳንቺ በሰው አገር ተማሪ ሳሉ፣ ለንደን ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር መጀመሪያ ያወቁት፤ ኋላም የጦር ሜዳው የሰው ልብ ነው፣ የፍሬን ጉጉት የተወ ሰው ለመዋሸትም ሆነ ሌላውን ለመጉዳት ምክንያት አይኖረውም ብለው ተረጎሙት። እ.ኤ.አ. በ1948 ጋንዲን የገደላቸው ናቱራም ጎድሴ ግን በፍርድ ቤት ባሰማው ቃል አርጁና ቢሽማን ጨምሮ ወገኖቹን መግደሉን ለራሱ ድርጊት ማስረጃ አድርጎ ጠቀሰ። የህንድን ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ የመሩት ዶክተር አምቤድካር ደግሞ መጽሐፉ ሰውን በትውልዱ በደረጃ ለሚከፋፍለው ለካስት ሥርዓት የፍልስፍና ድጋፍ ሆኗል ብለው አጥብቀው ተቹት።

ጋንዲና ገዳያቸው ያነበቡት አንድ መጽሐፍ መሆኑን ሳስብ፣ ማንም ይህን መጽሐፍ ሲከፍት ሕሊናውን በር ላይ ትቶ መግባት እንደሌለበት አጥብቄ አምናለሁ። መጽሐፉም ይህን የሚከለክል አይመስለኝም። በምዕራፍ 16 ከመለኮታዊ ጠባያት መካከል ማንንም አለመጉዳትን፣ እውነትንና ከቁጣ መራቅን ይቆጥራል። በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ቁጥር 63 ላይም ክሪሽና ትምህርቱን ከሰጠ በኋላ ይህን ሁሉ ፈጽመህ መርምር፣ ከዚያም እንደ ፈቀድህ አድርግ ይለዋል። ለአርጁና የተሰጠው ፈቃድ ለአንቺ የሚነፈግበት ምክንያት የለም። አርጁና ቀስቱን ሲጥል ማልቀስሽ፣ መልሱንም አልቀበልም ማለትሽ ንባቡን አላበላሸውም። የአንድምታ ትርጓሜ ባላት ቤተ ክርስቲያን ያደግሽ ስለሆንሽ አንድ ቃል ብዙ ሐተታ ይዞ መኖሩ አዲስ አይሆንብሽም። የሂንዱ ሊቁ ሻንካራ በስምንተኛው መቶ ዓመት እውቀትን፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ራማኑጃ ፍቅርን ከዚሁ መጽሐፍ አውጥተዋል፤ በፑኔ አጠገብ በአላንዲ መቃብሩ የሚገኘው ባለቅኔው ድኛኔሽዋርም በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሳንስክሪት ለማያውቀው ሕዝብ በአካባቢው ቋንቋ በማራቲ ተርጉሞታል። አከራይሽ የትኛውን ማብራሪያ ተከትለው እንደሚያስተምሩ ጠይቂያቸው፤ ብዙ ነገር ይገለጥልሻል።

ሌላም ጠይቂያቸው። የማሃባራታን አሥራ አንደኛ መጽሐፍ፣ ስትሪ ፓርቫ የሚሉትን፣ አብራችሁ እንድታነቡት ለምኛቸው። አሥራ ስምንት ቀን የፈጀው ጦርነት ካበቃ በኋላ ሴቶቹ ወደዚያው ሜዳ ይወጣሉ። መቶ ወንዶች ልጆቿን ያጣችው ጋንዳሪ በወደቁት መካከል እየዞረች ለልጆቿም፣ ከወዲያ ወገን ለወደቁትም ታለቅሳለች፤ ይህን ማስቀረት ስትችል ለምን ዝም አልህ ብላም ክሪሽናን ትረግመዋለች። ሙሾ እየሰማሽ ላደግሽው ለአንቺ ይህ ክፍል ሩቅ አይሆንብሽም። ጊታን ብቻ ለይቶ ያነበበ ሰው ትልቁ ታሪክ ድሉን ያለ እንባ እንዳላለፈው ሳያውቅ ይቀራል፤ የሐዘንሽን ያህል ቦታ የምታገኚው እዚያ ነው ብዬ አስባለሁ። ለመሆኑ ከእሁዱ ንባብ ተካፋዮች መካከል ስለ አጎትሽ ልጅ የሚያውቅ ሰው አለ? ከሌለ ለአከራይሽ ንገሪያቸው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ዳግም ሲያነቡ ለምን ዝም እንደምትዪ ሊያውቁ ይገባል። ሌሊት የሚቀሰቅስሽ ምዕራፉ ብቻ ካልሆነ፣ ሐዘኑም አብሮ ካለበት፣ ዩኒቨርሲቲሽ የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ካለው ቀጠሮ ያዢ፤ መጽሐፍም ሆነ የእኔ ደብዳቤ ያን ሊተካ አይችልም።

ስለዚህ ንባቡን ቀጥዪ፤ ግን እስከ መጪው እሁድ ድረስ ሁለት ነገር አድርጊ። ለእናትሽ አንቺው ደውዪ፤ ለፕሮፌሰሩም ጻፊ። መልእክቱ ረጅም አይሁን። ስለዘገየሽ ይቅርታ ጠይቀሽ፣ አስተያየቶቹን አንድ በአንድ እያየሽ መሆኑን አስታውቂ፤ ያልገቡሽን ወይም ያልተስማማሽባቸውን ለይተሽ ጥቀሺና ስለ እነርሱ ለመነጋገር ግማሽ ሰዓት ለምኚ። ቀኑን እርሳቸው ይምረጡ።